ግራና ቀኝ ማየት ያልተማረው ተሻጋሪ፦ ፒ-22ን ለልጆች ስንተርክ

ልጅ ከቤት ሲወጣ ሁላችንም አንድ ነገር እንላለን። "መንገድ ስትሻገር ግራና ቀኝ እይ!" አዲስ አበባም ሎስ አንጀለስም ያው ነው። ጥሩ ምክር ነው፤ እኔም እላለሁ። ግን ለረጅም ጊዜ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። ይህን ስንል ሳናስበው ሌላም ትምህርት እየሰጠን ነው። መንገዱ አይነካም፣ መለወጥ ያለብህ አንተ ነህ እያልነው ነው።

ይህን ያሳየኝ ፒ-22 የሚባል ፑማ ነው። የእሱን ጉዳይ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ለልጆች እንደምነግረው፣ ልጆችም እንደሚጠይቁት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፑማ አሜሪካኖች "የተራራ አንበሳ" የሚሉት እንስሳ ነው። ስሙ አንበሳ ይሁን እንጂ ጎፈር የለውም፤ እንደ እኛ አንበሳም አያገሳም። ቡናማ ነው፣ ጅራቱ ረጅም ነው፣ ብቻውን ይኖራል፣ ከሁሉም በላይ ሚዳቋና አጋዘን መሰል እንስሳትን ያድናል። ከሎስ አንጀለስ በስተምዕራብ ባሉት የሳንታ ሞኒካ ተራሮች የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተመራማሪዎች ከ2002 ጀምረው ፑማዎችን ይከታተላሉ። አንገታቸው ላይ የጂፒኤስ ማሰሪያ ያስሩላቸዋል። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ነው ያላቸው። "ፒ" ፑማ ለማለት ነው፣ 22 ደግሞ ተራው ነው።

ፒ-22 የተወለደው በ2010 አካባቢ ነው። ወንድ ፑማ ሲጎረምስ ከአባቱ ክልል መውጣት አለበት። ካልወጣ ትልቁ ወንድ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ወጣ፤ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ችግሩ መሀል ላይ ሁለት ፍሪዌዮች፣ ማለትም መኪና በፍጥነት የሚነጉድባቸው ሰፋፊ አውራ መንገዶች፣ አሉ፤ 405 እና 101። ሎስ አንጀለስ የነዳ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። እንዴት እንደተሻገራቸው ያየ የለም። በፌብሩዋሪ 2012 ሚጌል ኦርዴኛና የሚባል የእንስሳት ተመራማሪ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ የተተከሉ ካሜራዎችን ምስል ሲያገላብጥ የአንድ ትልቅ ድመት የኋላ አካል አየ። ከተማ መሀል፣ የሆሊውድ ጽሑፍ ካለበት ተራራ ሥር።

ልጆች እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃሉ። "ሆሊውድ ሄዶ ዝነኛ ሆነ!" ይላሉ። እውነትም ሆነ። በ2013 መጨረሻ ስቲቭ ዊንተር የተባለው ፎቶ አንሺ ለናሽናል ጂኦግራፊክ ያነሳው ምስል ወጣ። ሌሊት ነው፣ ከኋላ የሆሊውድ ጽሑፍ ያበራል፣ ፒ-22 ከፊት ይራመዳል። ያን ፎቶ ለማግኘት ከአንድ ዓመት በላይ ወስዷል።

ዝናው ግን ብቸኝነቱን አላስቀረለትም። አንድ ወንድ ፑማ በተለምዶ እስከ 390 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ክልል ይይዛል። ፒ-22 የነበረው ከ20 በጥቂቱ የሚበልጥ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዙሪያውን ፍሪዌይና ቤት ነው። እዚያ አሥር ዓመት ኖረ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንዲት ሴት ፑማ እንኳ ወደ እሱ አልመጣችም።

ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ "እኔም ጓደኛዬ ቤት ብቻዬን መሄድ አልችልም፣ ትልቁ መንገድ አለ" አለች። ቤቱ ቅርብ ነው፤ ከመስኮት ይታያል። ግን ስድስት መስመር መኪና አለ። ከዚያ በኋላ ፒ-22ን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ልጅቷ ከእኔ በተሻለ ገብቷታል።

ሽምብራና ምስር

የጉዳዩ ከባዱ ክፍል የደም፣ ማለትም የዘመድ መዋለድ፣ ነገር ነው። መኪና የገጨው እንስሳ ሁሉም ሰው የሚያየው ነው። መንገዱ ቀስ ብሎ የሚሠራው ጉዳት ግን አይታይም። ለልጆች ለማሳየት ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ይበቃል።

ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። አንዱ ውስጥ ምስር፣ ሌላው ውስጥ ሽምብራ። መሀል ላይ ረዘም ያለ ማስመሪያ አጋድማለሁ፤ 101 ፍሪዌይ እሱ ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከአንድ ሳህን ሁለት ሁለት ፍሬ ያወጣሉ፤ እናትና አባት ማለት ነው። ከምስሩ ሳህን ምስርና ምስር ብቻ ይወጣል። ሁልጊዜ። ከዚያ አንድ ሽምብራ ብቻ አሻግራለሁ። አንድ ፍሬ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ በዓይናቸው ያያሉ።

እኛ ዘንድ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የእኛ ሰው ጋብቻ ሲያስብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ልጆቹም ከአያቶቻቸው ሰምተውታል። "ፑማዎቹ ሰባት ቤት መቁጠር አልቻሉም፤ የሚቆጥሩት ሌላ ቤት የለም" ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

የሆነውም ይኸው ነው። ከ101 በስተሰሜን ያሉት ፑማዎችና በስተደቡብ ያሉት ተለያይተዋል። በ2009 ፒ-12 የሚባል ወንድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሻግሮ አዲስ ደም አመጣ። ያቺ ሽምብራ እሱ ነበር። ግን ከእሱ በኋላ የተሻገሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ቆይቶ እሱ ራሱ ከገዛ ልጁ ጋር ተዋለደ። በ2020 ተመራማሪዎች ፒ-81 የተባለ ወጣት ወንድ ሲይዙ ጅራቱ ጫፉ ላይ የተቆለመመ ሆኖ አገኙት፤ አንዱ የዘር ፍሬውም አልወረደም ነበር። ሁለቱም የዘመድ መዋለድ ምልክቶች ናቸው። ተመሳሳይ ነገር ፍሎሪዳ ውስጥ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። እዚያ ቁጥራቸው እጅግ ከመመናመኑ የተነሳ በ1995 ስምንት ሴት ፑማዎች ከቴክሳስ ተወስደው ገቡላቸው።

የሞከሩትን አንረሳም

የዚህ ጉዳይ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ቁጥሮች አሉ። እኔ ለልጆች የምነግራቸው ጥቂቶቹን ነው። በአንድ ትምህርት ሞት ሲበዛ ልጅ ልቡን ይዘጋል።

በኦክቶበር 2013 አንድ ወጣት ወንድ ከሰሜን መጥቶ ሊበርቲ ካንየን በሚባለው ቦታ 101ን ሊሻገር ሞከረ፤ መኪና ገድሎታል። ያ ቦታ ግራና ቀኙ አሁንም ጫካና ኮረብታ ስለሆነ ለመሻገሪያ ተመራጭ ነው። ፒ-23 የምትባል ሴት በ2018 ላስ ቨርጂኒስ በሚባለው መንገድ አካባቢ መኪና ገጭቷት ሞተች። ልጇ ፒ-54 በ2022 እዚያው ተገጭታ ሞተች። ሆዷ ውስጥ አራት ግልገሎች ነበሩ። እናትና ልጅ፣ አንድ መንገድ ላይ።

ልጆች በጣም የሚወዱት ግን ፒ-64ን ነው። እሱ መኪኖቹ ላይ አልሄደም። ከ101 ሥር የሚያልፍ ረጅም፣ ጨለማ የሆነ የውሃ ማፋሰሻ ቱቦ አገኘ። 101ን እና ሌላ ፍሪዌይን እየተሻገረ በጠቅላላ 41 ጊዜ አልፏል። በ2018 ትልቅ የሰደድ እሳት ከተነሳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞቶ ተገኘ። መዳፉ ተቃጥሎ ነበር። አንድ ልጅ ስለ እሱ ስነግረው "ቱቦው ለውሃ ነው የተሠራው፣ ለእሱ አልነበረም" አለኝ። ይህ አባባል ሙሉውን ነገር ይዟል። ፒ-64 የተሻገረው ማንም አስቦለት አይደለም። ሰው በአጋጣሚ የተወው ቀዳዳ ስላገኘ ነው።

ድልድዩ

ከዚህ በኋላ "ታዲያ ሰዎቹ ምን አደረጉ?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው እስኪመጣ መጠበቅ ጥሩ ነው። መልሱን ቀድመን ከነገርናቸው ግን ትርጉሙን ያጣል።

ቤዝ ፕራት የምትባል የብሔራዊ የዱር እንስሳት ፌዴሬሽን ባልደረባ የፒ-22ን ጉዳይ ጉዳዬ ብላ ያዘች። ክንዷ ላይ ተነቅሳዋለች። በ2016 ደግሞ እሱ ሄዶበታል ተብሎ በሚታሰበው መስመር ከሳንታ ሞኒካ ተራሮች እስከ ግሪፊዝ ፓርክ በእግሯ ተጓዘች። ቀናት ፈጅቶባታል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በኦክቶበር የፒ-22 ቀን በፓርኩ ይከበራል። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ኦርዴኛና የሚሠራበት የሎስ አንጀለስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም የፒ-22ን ታሪክ ለእይታ አቅርቦታል።

የታሰበው ሊበርቲ ካንየን ላይ ከ101 በላይ የሚያልፍ የእንስሳት መሻገሪያ ድልድይ መሥራት ነበር። የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ነበር። መጀመሪያ ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ቆይቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ዋሊስ አኔንበርግ የምትባል በጎ አድራጊ በፋውንዴሽኗ በኩል 25 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች፤ ሌላውም እንዲሰጥ ቀሰቀሰች። መሻገሪያው በስሟ ተጠራ። እሷ ግን ተጠናቆ ሳታየው በጁላይ 2025 አረፈች።

"ለፑማ ይህን ያህል ገንዘብ? ሰው ጎዳና እያደረ?" የሚሉ ወላጆች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቁጣ መመለስ የለበትም። አንደኛ፣ ከገንዘቡ ብዙው ከግለሰቦችና ከድርጅቶች የተዋጣ ነው። ሁለተኛ፣ መሻገሪያ ለእንስሳ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መኪና ከትልልቅ እንስሳት ጋር በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይጋጫል። በእነዚህ ግጭቶች ወደ 200 ሰው ይሞታል፣ ወደ 26 ሺህ ሰው ይጎዳል። ማታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ፊትህ አጋዘን ሲገባ ችግሩ የአጋዘኑ ብቻ አይደለም።

ግንባታው በኤፕሪል 22፣ 2022 ተጀመረ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ፒ-97 የሚባል ወጣት ፑማ 405 ላይ ተገጭቶ ሞቷል። ሰዎቹ በማግስቱ ሐዘናቸውን ይዘው ነው ለመሠረቱ የመጡት።

ሥራው እንዴት ነው? ልጆች ይህን ክፍል ይወዱታል፤ በተለይ ነገር መገጣጠም የሚወዱት። ድልድዩ የፍሪዌዩን አሥር መስመሮች ያቋርጣል። ርዝመቱ 64 ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 53 ሜትር ያህል ነው። በቀን ከ300 ሺህ በላይ መኪና ከሥሩ ያልፋል። ስፋቱ ነው ወሳኙ። ጠባብ ከሆነ እንስሳው ይፈራል። ላዩ አስፋልት አይደለም፤ አፈር ነው። አፈሩ መፍሰስ የጀመረው በማርች 2025 መጨረሻ ነው። የሚተከለው ተክል ከዚያው ከአካባቢው የተሰበሰበ ዘር ነው፤ ለዚሁ ተብሎ ችግኝ ጣቢያ ተቋቁሟል። አፈሩ ውስጥ ከተክሎቹ ሥር ጋር ተደጋግፎ የሚኖር ፈንገስ እንኳ ታስቦበታል። ጠርዙ ላይ ድምፅና የመኪና መብራት የሚከለክል ግንብ አለ። መንገዱ ዳር አጥር ተዘርግቶ እንስሳውን ወደ ድልድዩ ይመራዋል። አጥሩ ባይኖር ድልድዩ ብቻውን ብዙም አይሠራም። እንስሳው በመጣበት ይሻገራል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። "ፑማው ድልድዩ የእሱ መሆኑን በምን ያውቃል?"

መልሱ ካናዳ ነው። ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው አገር አቋራጭ መንገድ ላይ 6 የላይ ድልድይና 38 የሥር መተላለፊያ ተሠርቷል። ከአጥሩ ጋር ተዳምሮ የእንስሳት ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። አጋዘኖቹ ቶሎ ለመዱት። ግሪዝሊ ድቦቹ ግን ለመልመድ እስከ አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ እናት ድብ ግልገሏን ይዛ ማለፍ ጀመረች፣ ግልገሉም ከእናቱ ተማረ። "እንደ እኛ!" ይላሉ ልጆቹ።

የሞቱ ዜና

ፒ-22 በዲሴምበር 2022 መኪና ገጨው። ተመራማሪዎቹ በ12ኛው ቀን ያዙት። ዕድሜው ወደ 12 ዓመት ደርሶ ነበር፤ ለዱር ፑማ ይህ እርጅና ነው። የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል፣ ኩላሊቱ ደክሟል፣ ልቡም ታሟል። በ17ኛው ቀን እንዳይሰቃይ በመርፌ አሳረፉት።

ለልጅ ይህን እንዴት ይነግሩታል? አንዳንዱ ወላጅ መጨረሻውን ይቆርጠዋል። ልጁ እንዳያዝን ነው። እኔ አልቆርጠውም። አንቀላፋ፣ ሄደ ምናምንም አልልም። መኪና ገጨው፣ ታሞም ነበር፣ ሊድን ስላልቻለ ሐኪሞቹ አሳረፉት እላለሁ። ከዚያ ከተማው ምን እንዳደረገ እነግራቸዋለሁ። በፌብሩዋሪ 4፣ 2023 ግሪክ ቲያትር የሚባለው ክፍት አዳራሽ ለእሱ መታሰቢያ ሞላ። ሺዎች ነበሩ። ከከተማው ልጆች ሥዕልና ደብዳቤ ጎረፈ። በማርች ደግሞ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በራሳቸው ሥርዓት ወደተወለደበት ተራራ መልሰው ቀበሩት።

እኛ ሐዘን እናውቃለን። ለቅሶ መድረስ፣ ድንኳን መጣል፣ አብሮ መቀመጥ። ልጆቻችን ለእንስሳም ሰው እንዲህ እንደሚሰበሰብ ሲሰሙ መጀመሪያ ይገርማቸዋል። ቀጥሎ "እኔም ብኖር እሄድ ነበር" ይላሉ።

ከፑማው ወደ ልጁ

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልመለስ። ፒ-22 ሲገጭ ማንም "ለምን ግራና ቀኝ አላየም?" አላለም። ሁሉም የጠየቀው "ለምን መሻገሪያ አልነበረም?" ብሎ ነው። ልጅ ሲገጭ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄያችን "እንዴት ሮጦ ገባ? እናቱ የት ነበረች?" ነው።

ይህን ልዩነት ለልጆች ሳነሳ ፊታቸው ይለወጣል። የስድስት ዓመት ልጅ የመኪናን ፍጥነት በትክክል መገመት አይችልም። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከቆመ መኪና ጀርባ አይታይም፣ አያይም። ይህ የጥፋት ጉዳይ አይደለም፤ የዕድሜ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን ከሁሉም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል።

ስለዚህ ከታሪኩ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንወጣለን። ትልቅ ሰው አብሮ፣ እግረኛ መንገድ ላይ ቆመን። ልጆቹ ዜብራው ላይ ለእግረኛ የቆመውንና ያልቆመውን መኪና ይቆጥራሉ። ቀለሙ ለቋል? ዛፍ ምልክቱን ሸፍኖታል? አረንጓዴው መብራት አያት እስኪሻገሩ ይበቃል? ተመልሰን የሰፈሩን ካርታ ይስላሉ። እንስሳም ይጨምራሉ፤ ኮዮቴው (ቀበሮ መሰል አውሬ ነው) በየት እንደሚያልፍ፣ ሽኮኮው የት ተገጭቶ እንዳዩ። ከዚያ የሰፈራቸውን ሊበርቲ ካንየን ይመርጣሉ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የለቀቀ ቀለምም ሆነ የተሰበረ ነገር በ311 ደውሎ ማስታወቅ ይቻላል። ስልኩን ወላጅ ይይዛል፤ የሚናገረው ግን ልጁ ነው። ለከተማው ምክር ቤት ተወካይ ደብዳቤ መጻፍም አለ። በልጅ እጅ የተጻፈ፣ ከነቆጠረው ቁጥር፣ ከነካርታው።

"ግራና ቀኝ እይ" ማለቴን አልተውኩም። ድልድዩ እስኪሠራ ፑማውም መጠንቀቅ ነበረበት። ግን ጥንቃቄ ብቻ ያስተማርነው ልጅ ፈሪ እግረኛ ይሆናል፤ አድጎ መሪ ሲጨብጥ ደግሞ እግረኛን የሚወቅስ ሹፌር ይሆናል። እኔ የምሰጋው ይህን ሁለተኛውን ነው።

አንዳንድ ልጆች "ኢትዮጵያስ?" ይላሉ። ያኔ ስለ ሐረር እነግራቸዋለሁ። የጀጎል ግንብ ውስጥ ጅብ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሰው አጥር ሲሠራ ለጅቡም መግቢያ ተወለት፤ ጅቡም ማታ ገብቶ ቆሻሻውን ይለቅምለታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በኩራት ይሞላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ ያልፋል። ባሌ ውስጥ፣ ዲንሾ አጠገብ፣ የደጋ አጋዘን በሚሰማራበት የጋይሳይ ሜዳም መኪና ያልፋል። ቀይ ቀበሮ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፤ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። አንድ ልጅ ይህን ሰምቶ የጋይሳይን መንገድ ሳለና ከላዩ ድልድይ ጨመረበት። ድልድዩ ላይ ቀይ ቀበሮ፣ ከቀበሮው ኋላ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ለምን ተማሪዎቹን እንደጨመረ ጠየቅኩት።

"እነሱም ይሻገራሉ" አለኝ።

ፒ-22 ካሜራ ውስጥ በገባበት በ2012 አንደኛ ክፍል የነበሩት የሎስ አንጀለስ ልጆች ዛሬ መንጃ ፈቃድ አላቸው። በ101 ድልድዩ ወዳለበት ወደ አጉራ ሂልስ ሲነዱ ከላያቸው አፈር የለበሰውን ድልድይ ያዩታል።